ከቆቃ እስከ ምጣዱ፦ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

ተረት ተረት አልልም፤ እናንተም «የላም በረት» አትበሉኝ። ይህ የሆነ ነገር ነው፤ ውል ያለው፣ ፊርማ ያለው፣ ዕዳም ያለው። ወጉ ስለ መብራት ነው፤ ከውኃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ስለሚመጣው መብራት። ሌላው ዓለም ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ወጥቶ ወደዚህ ልግባ ሲል አበሳውን ያያል። እኛ ግን ድሮም እዚሁ ነን። በኤሌክትሪክ መስመራችን ውስጥ የሚሄደው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም የውኃ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ተጨምሮበት። «ታዲያ ምን ጎደለን?» ትሉኝ ይሆናል። ቀስ ብላችሁ ስሙኝ። በዚህ ትረካ ውስጥ ይዤ የምዞረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

ከቆቃ ግድብ እንነሳ። ከዚያ በፊት አባ ሳሙኤል ነበረ፤ ከአዲስ አበባ ደቡብ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ፣ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ የሚያመነጭ። እሱን እንለፈው። ቆቃ ግን ታሪክ አለው። ጣሊያን አምስት ዓመት ሙሉ አገሩን በመርዝ ጋዝና በእሳት ከፈጀች በኋላ፣ ጦርነቱ አልቆ በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። የየካቲት 12 ሰማዕታትን፣ በጋዝ ያለቀውን አርበኛ፣ የተቃጠለውን ቤት ቁጠሩና ገንዘቡን አካፍሉት፤ ነፍስ ስንት ብር እንደወጣላት ታዩታላችሁ። ያም ሆኖ ገንዘቡ ቶሎ አልመጣም። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ካሣው በግድብ ሥራ ይከፈል ተባለና አዋሽ ቆቃ ላይ ተገደበ። በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። ስለዚህ የዚያ ዘመን አዲስ አበቤ ማታ ማታ አምፖሉን ሲያበራ፣ ሂሳቡን የከፈሉለት ሙታን ነበሩ። ይህን የሚያስታውስ ጽሑፍ በየቆጣሪው ላይ ቢለጠፍ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ዓባይ እንሻገር። ቆቃ በሚሠራበት ዘመን አካባቢ የአሜሪካ መንግሥት መሐንዲሶች ዓባይን ከላይ እስከ ታች ሲለኩ ከረሙ። በ1956 ዓ.ም. ወፋፍራም ጥራዞች አስረከቡ፤ ለግድብ ይሆናሉ ካሏቸው ቦታዎች አንዱ ሱዳን ድንበር አጠገብ ነበር። ጊዜው የግብፁ ናስር በሶቪየት ብድር የአስዋንን ግድብ የሚያስገነቡበት ነው፤ አሜሪካኖቹም ዓባይን ያጠኑት ለኢትዮጵያ ፍቅር ብቻ ብለው አይመስለኝም። ሆነም ቀረም ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ጥራዞቹ አቧራ ጠጡ። የጎደለው ምህንድስና አልነበረም። የጎደለው አበዳሪ ነው። ትልልቆቹ አበዳሪዎች ግብፅ የምትቃወመው ግድብ ላይ ገንዘባቸውን አያወጡም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እዚያው ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ጉባ ላይ፣ ለዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ወጪው 80 ቢሊዮን ብር ገደማ ተባለ፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ4.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ነው። አበዳሪ የለም። እንግዲህ ማን ይክፈል?

የተከፈለው እንዲህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፤ በአንድ ጊዜ ስለማይቻል በአሥራ ሁለት ወር እየተቆረጠ። ቦንድ ተሸጠ። ነጋዴው በማኅበሩ በኩል፣ ገበሬው በቀበሌው በኩል ገዛ። ሊስትሮው ከጫማ ማሳመሪያ ሳጥኑ ሳንቲም አወጣ። በሞባይል 8100 ላይ «A» ብሎ የላከው ሰው ብዛት ቁጥር የለውም። በዋሽንግተን፣ በሮም፣ በጅዳ ያለው ወገን በየኤምባሲውና በየቆንስላው ተሰልፎ ቦንድ ገዛ። እውነት እንነጋገር ካልን፣ ሁሉም በፈቃዱ የሰጠ አልነበረም። ስብሰባ ተጠርቶ «የማይሰጥ እጁን ያውጣ» ሲባል እጁን የሚያወጣ ሞኝ የለም። ቢሆንም ከዚያው ሰው መካከል፣ ሲቆረጥበት ያጉረመረመውም ሳይቀር፣ ውኃው ሲሞላ በቴሌቪዥን አይቶ እንባው የመጣ ብዙ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

መንገዱ ረጅም ነበር። ተርባይኑን የማስገጠም ሥራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ማለት ነው፣ ተሰጥቶ ዓመታት ባከኑ፤ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ውሉ ተነጠቀ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የግድቡ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ፖሊስ ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታወቀ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ እያወራው ነው። በ2012 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ከግብፅና ከሱዳን ጋር የሚደረገው ድርድር ሲገፋ ኢትዮጵያ አልፈርምም ብላ ቀረች። ከጥቂት ወራት በኋላ ፕሬዝዳንት ትራምፕ በስልክ ከሱዳን መሪዎች ጋር ሲነጋገሩ፣ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች የሚል ቃል በካሜራ ፊት ከአፋቸው ወጣ። ያን የሰማ ሁሉ ነገሩ ስለ ኃይል ማመንጫ ብቻ እንዳልሆነ ገባው። ውኃው ግን ከዚያ አስቀድሞ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. መሞላት ጀምሮ ነበር። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ፦ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ። አገሪቱ እስከዚያ ድረስ የነበራትን ሁሉ እጥፍ የሚያደርግ ማለት ነው።

አጨብጭበን ስናበቃ ሁለት ነገር እንዳንረሳ። አንደኛ፣ ከግድቡ ኃይሉን የሚያወጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በቻይና ባንክ ብድር የተዘረጋ ነው፤ «ሁሉንም በራሳችን» የምንለው ግንቡን እንጂ ሽቦውን አይመለከትም። ሁለተኛ፣ ሐይቁ የተኛበት መሬት ባዶ አልነበረም። ከጉባ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ የጉሙዝ ነዋሪዎች ተነስተዋል። የእነሱ ክፍያ በቦንድ ደረሰኝ ላይ አይታይም።

አሁን ትረካውን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሰው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ የመብራት ፈረቃ ገባ። ለምን? የጊቤ 3 ሐይቅ ስለጎደለ። 1,870 ሜጋ ዋት ተብሎ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ውኃ አጥሮት ደከመ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ፣ ፋብሪካው ጀኔሬተር አስነሳ፣ ፀጉር ቤቱ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ «ነገ ና» አለው። ለጎረቤት አገር የሚሸጠውም ኃይል ተቀነሰ። ያኔ ነው እንጀራችንን ሁሉ በአንድ ዝናብ ላይ እንደጣድነው የታወቀን።

መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። የኢትዮጵያ ነፋስ ጠባዩ መልካም ነው፤ ውኃው በሚያንስበት በበጋው ወራት ይበረታል። አዳማ ላይ በቻይና ብድር 51፣ ቀጥሎም 153 ሜጋ ዋት ተተክሏል፤ መቐለ አጠገብ አሸጎዳ ላይ በፈረንሳዮች 120። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትወርዱ ነጫጭ ክንፎቹን ያላያችሁ የላችሁም። ፀሐይስ? የፀሐይን ነገር ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ የትረካዬ አንጓ እዚህ ላይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት ጨረታ አወጣ። በዓለም ባንክ ቤተሰብ አማካይነት የተዘጋጀ ጨረታ ነው። አንዱ ቦታ ጋድ፣ ሶማሌ ክልል፤ ሁለተኛው ዲቼቶ፣ አፋር። እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት። አሸናፊው አክዋ ፓወር የተባለ የሳዑዲ ኩባንያ ሲሆን ያቀረበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት ከ2.6 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ እንዲህ ያለ ርካሽ ዋጋ ብርቅ ነው። መንግሥት አንድ ብር ሳያወጣ፣ የሰው ደመወዝ ሳይቆረጥ፣ ሌላ ሰው ገንዘቡን አምጥቶ ሊተክል ነው። ምን ሆነ? ምንም። አንድም የፀሐይ ሳህን ሳይተከል ውሉ ፈረሰ።

ምክንያቱን ከሰማችሁ የመብራት ፖለቲካ ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ኩባንያው ኃይሉን ለመንግሥት ይሸጣል፤ መንግሥት ከእናንተና ከእኔ የሚሰበስበው ብር ነው። ኩባንያው የሚፈልገው ዶላር ነው። ብሩን ወደ ዶላር ቀይሬ አገሬ እወስዳለሁ ይላል፤ ብሔራዊ ባንኩ ደግሞ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያም ዶላር አጥሮት ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ታዲያ ለሃያ ዓመት ያለ ወረፋ ዶላር ትሰጠኛለህ ወይ ሲሉት «እንዴት ብዬ?» አለ። አፋር ላይ ፀሐይ ያለ ዋጋ ትወጣለች፤ የሚገድላት ምንዛሪ ነው። ስለ ታዳሽ ኃይል የሚያወራ ምሁር ሁሉ ከሳህኑ ዋጋ በፊት የምንዛሪውን ሰልፍ ቢያይ ደግ ነው።

ይህን የዶላር ጥማት ያወቁ ሌሎችም አሉ። ቻይና የቢትኮይን ማዕድን አውጪዎችን ስታባርር ጥቂቶቹ ኮንቴይነር ሙሉ ማሽን ጭነው ወደ እኛ መጡ። ማሽኖቹ ሌሊትና ቀን ቁጥር ሲቆጥሩ ይውላሉ፣ ይግላሉ፣ ማራገቢያቸው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ለኤሌክትሪክ ኃይሉ ድርጅት በዶላር ይከፍላሉ። ነገሩ በወሬ ሲወጣ ሰው ተቆጣ፤ ከሕዝባችን ግማሽ ገደማ ጨለማ ውስጥ እያለ ለማሽን መብራት? የድርጅቱ መልስ፣ ልንገራችሁ፣ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ወደ ገጠር የሚወስድ ሽቦ በሌለበት ያልተሸጠ ኃይል ይባክናል፤ ዶላሩ ግን ዕዳ ይከፍላል፣ ሽቦም ይገዛል። ጥሩ። እንግዲያው ዶላሩ ስንት ቀበሌ ሽቦ ገዛ ብሎ መጠየቅ የሕዝብ መብት ነው። በኋላ ድርጅቱ ራሱ አዲስ ማዕድን አውጪ አልቀበልም ብሏል።

ለኬንያም ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሄድ መስመር እንሸጣለን፤ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ጅቡቲም ትገዛለች። ይህኛው ንግድ ያስደስተኛል። ጎረቤት መብራትህን ከለመደ በሰላምህም ያስብበታል።

ወደ መኪናው እንምጣ፤ ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም አሉ። እንዲህ ያለ ውሳኔ በዓለም የመጀመሪያው ነው ተባለ። ኖርዌይ በሀብቷ በማባበል የምትሠራውን እኛ በአንድ መግለጫ ጨረስነው። አስቀድሞም የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ ነበር፤ ተገጣጥሞ ሲገባ ጉምሩኩ 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ሲገባ 5፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣ ዜሮ ነበር። ያንን ተከትሎ ቦሌ መንገድ በቢዋይዲና በአይዲ ፎር መኪኖች ተሞላ። በመንግሥት አነጋገር ቁጥራቸው ከ100,000 አልፏል።

ይህ ሁሉ ለአየር ንብረት ተብሎ እንዳይመስላችሁ። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራት በብር ይመረታል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ ገብቶ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጭስ ሆኖ ይቀራል። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሲነሳ ቤንዚን በሊትር 48 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ዋጋው ከ120 ብር አለፈ። ማደያው ላይ ሰልፉ አልቀረም፤ ዋጋውም ሰልፉም አብረው ጨመሩ። ውሳኔው ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ አገር የሌላትን ስታቃጥል መኖር አትችልም። ነገር ግን ማን ተጠቀመ የሚለውን እንይ። በሚሊዮኖች ብር አውጥቶ አዲስ መኪና የገዛው ሰው ግቢው ውስጥ ሌሊት ሰክቶ ያድራል፤ ነዳጅ ሰልፍ አያውቅም፤ ሀብታም ነበር፣ ወጪው ቀነሰለት። የታክሲው ሚኒባስ ግን ያው የድሮው ነው፤ ሹፌሩ ሌሊት ማደያ በር ላይ ተኝቶ ያነጋል። ከከተማ ከወጣችሁም ነገሩ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ደሴ ሲባል ግን ባለቤቱ ጉንጩን ይነፋል። የት ይሰካል? የሚጠግነውስ ጋራዥ የት አለ?

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ግድቡ፣ ስለ ሳህኑና ስለ መኪናው ነው። አሁን ምድጃው ይቀራል። እዚህ አገር ውስጥ ከሚነደው ኃይል ሁሉ ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኙ የሚጠጋው ኤሌክትሪክም ቤንዚንም አይደለም። እንጨት ነው፤ ከሰል ነው፤ ኩበት ነው። ከጭሱ ጋር የምትውለው ሴት ናት፤ እንጨቱን ከእንጦጦ ተሸክማ የምትወርደውም ሴት ናት።

ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት አሉ። አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከቤታቸው ብርሃን ይታየኛል። ጠዋት ሳገኛቸው፣

«እትዬ፣ ደህና አደሩ? ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አደሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ቀን መች ይጋገራል ብለህ!» አሉ። «ሁሉም ምጣዱን ይጥዳል፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ይደክማል። አክንባሎውን ሳነሳው እንጀራው ዓይን አላወጣ! ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ማን ይገዛኛል?»

ይህች የእንጀራ ዓይን ነገር ትንሽ እንዳትመስላችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ከመቶ በላይ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በአንዴ እንደማብራት ነው። ሃያ ቤት በአንድ ትራንስፎርመር ላይ በአንድ ጠዋት ቢጥድ ሽቦው ይግላል፣ ቆጣሪው ይጥላል፣ አንዳንዴም ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል። በዓል ሲደርስ ትልልቅ ፋብሪካዎች በዋዜማው ኃይል እንዳይጠቀሙ ማስታወቂያ የሚነገረው ለዚህ ነው፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ድስቱንና ምጣዱን ስለሚጥድ ነው። በ5,150 ሜጋ ዋት ግድብና በእናታችን ምጣድ መካከል ያለው ያ ትራንስፎርመር ነው፤ ያ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ያ የዘመመ ምሰሶ ነው።

ዋጋውም አለ። ለድሃ ታስቦ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለዓመታት በ27 ሳንቲም ሲሸጥ ቆይቷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። መጨመሩን አልቃወምም፤ ከወጪው በታች የሚሸጥ ድርጅት ሽቦ አይገዛም። ግን አስሉት። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል እየጋገረ የሚበላ ቤተሰብ በወር ለምጣዱ ብቻ ወደ 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የድሃው ድርሻ በምጣዱ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው ማለት ነው፤ አምፖሉና ስልኩ ሲጨመሩ ወደ ሁለተኛው እርከን ይገባል። እርከኑ ሲወጣ ደግሞ ሂሳቡ ይከብዳል። እንግዲህ በደመወዙ ግድብ የገነባ ሰው ወደ ከሰል እንዳይመለስ እሰጋለሁ።

ሂሳቡን ማን ከፈለ ብዬ ነበር የተነሳሁት። ለቆቃ የአርበኛው ደም፣ ለጉባ የሠራተኛው ደመወዝና የጉሙዙ መሬት፣ ለማስተላለፊያው መስመር የልጅ ልጆቻችን ዕዳ። እኔ የማዝነው የከፈለው ሰው ያልተቀበለ በመሆኑ ነው። ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ሪባን የሚቆረጥበት ግድብ አይደለም። ትራንስፎርመር ነው፣ ምሰሶ ነው፣ ቆጣሪ ነው፤ ማንም ቆሞ ፎቶ የማይነሳበት ነገር ነው፣ ለዚያም ነው የሚዘገየው።

ስለዚህ ሰኔ ሲመጣ፣ የዓመቱ በጀት ፓርላማ ሲቀርብ፣ የመረጣችሁትን ተወካይ አግኙና አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ኃይል ለማመንጨት ስንት፣ ኃይሉን ቤት ለማድረስ ስንት? ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ካነሰ፣ እናታችን ዘንድሮም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነሳሉ።